የደጋ ሰው፣ የቆላ ትንኝ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  በደባርቅና በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁል ደግሞ በዛሪማና በአዲ አርቃይ ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ወባና ስለ ወባ ትንኝ ጠባይ ነው።

«ደባርቅ ተቀምጦ የወባ ወሬ ምን ያደርጋል?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማታ ማታ ጋቢ ደርበን እሳት የምንሞቅበት አገር ነው። የወባ ትንኝ እዚህ ምን ትሠራለች?

እውነት ነው፣ ወደ እኛ ስትመጣ እምብዛም አትታይም። ወደ እሷ የምንሄደው እኛ ነን። ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ የሚወርደው ወጣት፣ ለገበያ ተከዜ ሸለቆ ድረስ የሚዘልቀው ነጋዴ፣ ቆላ ያሉ ዘመዶቹን ለመጠየቅ የሚሄደው ሁሉ በእግሩ ወደ ትንኟ አገር ይገባል። የደጋ ሰው ከወባ የሚድነው ደጋ ላይ በመኖሩ ሳይሆን ትንኟ የምትወጣበትን ሰዓት፣ የምትፈለፈልበትን ውሃና የምትወደውን ሽታ አውቆ ሲወርድ ነው። እንግዲህ ተመራማሪዎች፣ በተለይም የአገራችን ተመራማሪዎች፣ ስለነዚህ ነገሮች የደረሱበትን ለእኛ በሚጠቅመን መልኩ እንመልከት።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ብርዱ ለምን እንደሚጠብቀን እንይ።

ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ናት። ወንዱ ደም አይመጥም፤ የአበባ ፈሳሽ ቀምሶ ያድራል። ሴቷ ግን እንቁላሏን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋታል። ከወባ በሽተኛ ደም ስትመጥ የወባው ተውሳክ አብሮ ይገባል። ይሁን እንጂ በማግስቱ ሌላ ሰው ብትነድፍ ወባ አታስይዝም። ተውሳኩ መጀመሪያ ሆዷ ውስጥ መራባት፣ ከዚያም ወደ ምራቋ መድረስ አለበት። ይህ ቀናት ይፈጃል፤ የቀናቱ ብዛት ደግሞ በአየሩ ሙቀት ይወሰናል።

ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በ12 ቀን ገደማ ለመተላለፍ ይደርሳል። በ20 ዲግሪ ግን ወደ 28 ቀን ይወስድበታል። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። የትንኟ ዕድሜ ደግሞ ከአንድ ወር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በብርድ አገር ተውሳኩ ሳይደርስ ትንኟ ቀድማ ትሞታለች። የደጋ ጥበቃ ማለት ይህ ብቻ ነው።

አሁን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ በዐይነ ኅሊናችሁ ውረዱ። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከደባርቅ በጠዋት ጃኬት ለብሶ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ጠመዝማዛውን ጨርሶ ዛሪማ ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ በክንዱ ይይዛል። ጃኬቱ ከወለቀበት ቦታ ጀምሮ ብርዱ ለእኛ ዘብ መቆሙን ትቷል።

የዳባት ወረዳም እንደዚሁ ነው። ከፍታው ከ1000 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ከ2500 ሜትር በላይ ይደርሳል። አንዱ ቀበሌ ገብስና ባቄላ ሲዘራ ሌላው በዚያው ወረዳ ማሽላ ያጭዳል። የአንድ ወረዳ ሰው ሆኖ፣ በአንድ ገበያ እየተገናኘ፣ ግማሹ ወባ በሚገኝበት፣ ግማሹ በማይገኝበት አገር ይኖራል ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ደጋነታችን አንድ ሌላ ጣጣም አለው። በቆላ ተወልዶ ያደገና ወባ በየዓመቱ የሚይዘው ሰው ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ ይለማመደዋል። ያመዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ወባ አይቶ የማያውቅ ደገኛ ግን ይህ ልምምድ የለውም። ሲይዘው ይጠናበታል።

ኢትዮጵያ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958፣ በእኛ ከ1950 ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መግቢያ ባሉት ወራት፣ ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው በዛ። ወባ በተለምዶ እምብዛም በማይታይባቸው፣ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች ወረርሽኝ ሆኖ ገባ። ወረርሽኙን ያጠኑት ባለሙያዎች በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሰው እንደሞተ ጽፈዋል። እህል በማሳ ላይ ደርሶ አጫጅ ያጣበት ቦታ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት በ1959 (እ.ኤ.አ.) የወባ ማጥፊያ ድርጅትን ያቋቋመው። አረጋውያን አድማጮቻችን በየቤቱ ዲዲቲ ይረጩ የነበሩትን የ«ወባ ማጥፊያ» ሠራተኞች ያስታውሷቸዋል።

ጎንደርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። ከዚያ ወረርሽኝ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በጣና ዳር በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር። የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት፣ በየገጠሩ ወርደው እንዲህ ያለውን በሽታ የሚከላከሉ ባለሙያዎችን ማፍራት ዋና ዓላማው ነበር። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ትንኟ እንመለስ። በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የአኖፌለስ ትንኝ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኛውን ወባ የምታስተላልፈው ግን አኖፌለስ አረቢያንሲስ የምትባለው ናት። ይህች ትንኝ ትልቅ ሐይቅና ፈጣን ወንዝ አትፈልግም። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለውና ዝናብ ጥሎት የሄደ ውሃ ይበቃታል። መንገድ ሲሠራ አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ፣ ጡብ የተመታበት ቦታ፣ ከመስኖ ቦይ ያፈሰሰ ውሃ፣ ወንዝ ሲጎድል ዳር ላይ የቀረ ኩሬ፤ ሁሉም ይሆናታል።

የበሬ ኮቴ እንኳ ይበቃታል። ዝናብ ባባራ በሳምንቱ፣ ከብት ውሃ ከሚጠጣበት ረግረግ ዳር፣ በጭቃው ላይ የቀረውን የኮቴ ዱካ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ፤ ጥላ ሲያርፍባቸው እጮቹ ወደ ታች ይሰወራሉ። ትንሽ ታግሣችሁ ብትጠብቁ እንደ ቀጭን የገለባ ስባሪ ያሉ ነገሮች ወደ ላይ ይመጣሉ። ውሃው ገጽ ላይ በአግድም፣ ልክ እንደ ተኙ ሆነው ከተንሳፈፉ የወባ ትንኝ እጮች ናቸው። ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው በጅራታቸው ከተንጠለጠሉ ግን ሌላ ዓይነት ትንኝ ናቸው። ያደገችውንም በአቀማመጧ መለየት ይቻላል። የወባ ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው፤ ሌላዋ ትንኝ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና ትቀመጣለች።

እንቁላሉ በሞቃት አገር አድጎ በራሪ ትንኝ እስኪሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች «ያቆረ ውሃ በየሳምንቱ ይፋሰስ፣ ይዳፈን» የሚሉት ለዚህ ነው። ሳምንቱ ካለፈ እጩ ክንፍ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ በአካፋ የሚያዝ ነገር የለም።

እጩ ምን ይበላል? እዚህ ላይ ከራሳችን ክልል የተገኘ አስገራሚ ጥናት አለ። በ1998 (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ጎጃም ቡሬ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ተመራማሪዎች ነገሩን ሲመረምሩ አንድ ነገር ዐይናቸው ገባ፤ በአካባቢው የበቆሎ እርሻ በጣም ተስፋፍቷል። ቀደም ሲል በአገራችን የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ከበቆሎው አናት የሚረግፈው የአበባ ዱቄት ውሃ ላይ ሲወድቅ ለትንኝ እጭ ጥሩ ምግብ እንደሚሆን አሳይቶ ነበር። ይህን የሚበላ እጭ ቶሎ ያድጋል፣ ገላው ይፋፋል፣ ብዙውም ለክንፍ ይበቃል።

የቡሬው ጥናት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው አካባቢዎች የወባ ስርጭት በቆሎ ከማይበዛባቸው 9.5 እጥፍ እንደነበረ አመለከተ። ከጥናቱ ተሳታፊዎች አንዱ የሆነው የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እንደሚያስረዳው፣ አዲሱ ምርጥ ዘር ዘግይቶ ስለሚያብብ ዱቄቱ የሚረግፈው ልክ ትንኝ በምትበዛበት በክረምቱ መውጫ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ እንቁላል የያዘች ትንኝ የበቆሎ አበባ ሽታ እየሳባት ወደዚያ እንደምትሄድ አረጋገጡ።

ስለዚህ በቆሎ አትዝሩ አንልም፤ በቆሎ እንጀራችን ነው። ጓሯችሁ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤታችሁ ግድግዳ ጥግ፣ በተለይም ውሃ በሚያቁር ቦታ ዳር ግን አትዝሩት። ማሳው ከቤት ራቅ ይበል፤ በማሳው ዙሪያ ያቆረ ውሃ አይኑር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሰዓቱ መጣን።

የወባ ትንኝ ከፀሐይ መግቢያ እስከ ንጋት ትንቀሳቀሳለች። ለብዙ ዘመን የሚታሰበው ግን በብዛት የምትነድፈው ሰው እንቅልፍ ከያዘው በኋላ፣ በእኩለ ሌሊት እንደሆነ ነበር። የአጎበርም ጥቅም በዚህ ላይ የቆመ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) መኮንን ዮሐንስና ባልደረባቸው ከትግራይ ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። እዚያ አኖፌለስ አረቢያንሲስ በርትታ የምትነድፈው በምሽቱ መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አካባቢ ነበር።

በዚያ ሰዓት ሰው ምን ላይ ነው? እናት ወጥ ትሠራለች፣ ልጆች ደጅ ይሯሯጣሉ፣ አባወራው ከብት ያስገባል። የሰሊጥ እርሻ ላይ ደግሞ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ ውሎ ሸሚዙን አውልቆ እሳት ዙሪያ እራቱን ይጠብቃል። አጎበሩ ቢኖርም ገና አልተዘረጋም። ትንኟ ደግሞ ቤት ውስጥም ደጅም ትነድፋለች። ደጅ የነደፈች ትንኝ ኬሚካል የተረጨ ግድግዳ ላይ ላታርፍም ትችላለች። ስለዚህ ርጭቱም አጎበሩም አስፈላጊ ሆነው ሳለ ብቻቸውን አይበቁም። ያን የምሽት ሰዓት በልብስ መሸፈን ያስፈልጋል፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ። ከተገኘ የትንኝ መከላከያ ቅባት።

ትንኟ ማንን ትመርጣለች? በ2016 (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ትንኞችን እየያዙ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ደም የማን እንደሆነ መርምረው ነበር። ቤት ውስጥ ሲሆን ሰውን ታስቀድማለች፤ ደጅ ሲሆን ግን ከብትንም ትነድፋለች። ዶሮ በየቤቱ ሞልቶ ሳለ ግን የዶሮ ደም ፈጽሞ አትፈልግም። ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። ሰው አጎበር ውስጥ ተኝቶ፣ ከአጠገቡ ትንኝ መያዣ ወጥመድ ተደርጎ፣ በወጥመዱ ጎን ዶሮ በጎጆ አንጠልጥለው አደሩ። ዶሮው ባለበት ቤት ወጥመዱ የያዘው ትንኝ በግልጽ አነስ አለ። ከዶሮ ላባ የለዩአቸውን የሽታ ንጥረ ነገሮች ብቻ ሲያስቀምጡም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ትንኟ ዶሮውን የምትለየው በሽታው ነው ማለት ነው።

ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ ዶሮ አልጋ እግር ላይ አስራችሁ አጎበሩን እንዳታጥፉት አደራ! ጥናቱ የሚጠቅመው ወደፊት ከዚያ ሽታ መከላከያ ለመሥራት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ በረሃ ስለሚወርዱት ልጆቻችን እንነጋገር። የአረሙ ሥራ በሐምሌና በነሐሴ፣ የሰሊጥ አጨዳው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። ዋናው የወባ ወቅት ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ሥራውና በሽታው በአንድ ወር ይገናኛሉ። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚያድረው ሜዳ ላይ ወይም ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር ነው። የሚረጭ ግድግዳ የለውም።

አጎበርስ? ነፃ አጎበር በዋነኛነት የሚታደለው ወባማ ተብለው ለተለዩ ቀበሌዎች ነው፤ አሠራሩ ለብዙ ዓመታት የ2000 ሜትር ከፍታን እንደ ወሰን ይዞ ቆይቷል። የደባርቅ ልጅ ቤቱ ከወሰኑ በላይ ስለሆነ አጎበር አይደርሰውም፤ የሚነደፈው ግን ከወሰኑ በታች ነው። ይህን ክፍተት የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ የእርሻ ባለሀብቶችና ቤተሰብ ተባብረው ካልሞሉት ማንም አይሞላውም። ልጁን ስንቅ ቋጥሮ የሚሸኝ ቤተሰብ ከስንቁ ጋር አንድ አጎበር ይጨምርለት። ሜዳ ላይ በአራት ካስማ ወጥሮ፣ ጠርዙን ከምንጣፉ ሥር አጥፎ መተኛት ይችላል። አሠሪዎችም ለሠራተኛ ቀለብ እንደምታስቡ ሁሉ አጎበር አስቡ፤ በአጨዳ መሐል የታመመ ሠራተኛ ለእናንተም ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ነገር መመለሻው ነው። ወባ ከነደፋ በኋላ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነው የሚታየው። በአጨዳው መጨረሻ ሳምንት የተነደፈ ልጅ ደህና ሆኖ ገንዘቡን ይዞ አገሩ ይገባል፤ ትኩሳቱ የሚነሣበት እናቱ ቤት ነው። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊያገረሽ ይችላል። ደጋ ላይ ትኩሳት ሲነሣ ታማሚውም አስታማሚውም ጉንፋን ነው፣ ተስቦ ነው፣ ምች ነው ብሎ ያስባል። ፋልሲፓረም ግን ከጠና በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ይሁን፦

«አባቴ፣ ባለፉት ወራት ቆላ ወርደው ነበር?»

«ለአጨዳ መተማ ነበርሁ፤ ከመጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው።»

«እንግዲያው ደምዎን እንይ።»

ባለሙያው ባይጠይቅ እናንተ ተናገሩ። ደም ተመርምሮ ወባ ከተገኘ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ውሰዱ። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲለቅ የተረፈውን የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተምን፣ ለወንድም ማስቀመጥ ሁለታችሁንም ይጎዳል። ለቫይቫክስ ፕሪማኪን ሲታዘዝ ለ14 ቀን ይወሰዳል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን። ከመተማና ከሑመራ ተመልሶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት፣ የከሳና ግራ ጎኑ ያበጠበት ሰው ካላዛር የተባለው በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጨረሻ የደጋው ዘብ ራሱ እየደከመ መሆኑን እንንገራችሁ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገቡ የወባ በሽተኞችን በየቀበሌው ከፍታ ለይቶ መርምሮ ነበር። ሞቃት በሆኑት ዓመታት ወባው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛ ሲሆን እንደሚወርድ አሳይቷል። ደባርቅ ገና ወባ ከሚደርስበት ከፍታ በብዙ ትርቃለች፤ በዳባትና በአዲ አርቃይ መካከለኛ ከፍታ ላይ ያሉ ቀበሌዎች ግን ልብ ሊሉት ይገባል።

የትንኟም ዓይነት እየጨመረ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የእስያ ትንኝ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሀር ተገኘች። ይህች የከተማ ትንኝ ናት፤ በውሃ ታንከርና በበርሜል ትፈለፈላለች፣ በጋም አያግዳትም። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ እሷ ምክንያት እንደነበረች የአርማወር ሀንሰን ምርምር ተቋም ተመራማሪ ፍፁም ታደሰና ባልደረቦቹ አረጋግጠዋል። ከተሞቻችን በርሜልና ታንከራቸውን መክደን ከወዲሁ ይልመዱ።

በአገር ደረጃም ወባ እንደገና አገርሽቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1157 ሰዎች ሞተዋል። ከሕሙማኑ 18 በመቶው የአማራ ክልል ሰዎች ናቸው።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደጋም በቆላም ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየመዘገበ የሚከታተል የጥናት ጣቢያ አለው። መረጃ ሰብሳቢዎች በራችሁን ሲያንኳኩ «ማን ወጣ፣ ማን ገባ?» ብለው መጠየቃቸው አያሰልቻችሁ። ማን መቼ ቆላ እንደወረደና መቼ እንደተመለሰ ማወቅ ለወባ መከላከል ከደም ምርመራው ያላነሰ ዋጋ አለው።

የዛሬውን በአጭሩ እናጠቃልል። ስትወርዱ አጎበር ያዙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስክትተኙ ገላችሁን ሸፍኑ። ቆላ የምትኖሩ ያቆረ ውሃ በየሳምንቱ አፋስሱ፣ በቆሎውን ከቤት አርቁ። ስትመለሱ ደግሞ ትኩሳት ከተሰማችሁ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱና የነበራችሁበትን ተናገሩ። ዘንድሮ ልጁ ወደ በረሃ የሚወርድበት አድማጭ ካለ ይህን ሳይነግረው እንዳይሸኘው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን አጎበር እንዴት እንደሚታጠብ፣ ለምን በጥላ እንደሚደርቅና መቼ እንደሚለወጥ ይዘን እንቀርባለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)